ሰባት ተማሪዎች ያቆሙት ማኅበርና ያፈራቸው መሪዎች

ማኅበር የሚባለው ነገር ለኢትዮጵያ ምእመናን እንግዳ አይደለም። በየደብሩ በመላእክት፣ በጻድቃንና በሰማዕታት ስም የጽዋ ማኅበር ይጠጣል፤ ማኅበርተኛው በየተራው ይደግሣል፤ ሙሴ የተባለው አለቃ ጉባኤውን ይመራል፤ የታመመው ይጠየቃል፤ የተጣላው ይታረቃል፤ የሞተውም በወግ ይቀበራል። ከዚህ ሁሉ ጋራ በማኅበር ውስጥ ድምፁ ሳይሰማ የሚፈጸም አንድ ሌላ ሥራ አለ፤ ይኸውም ሰውን ለመሪነት ማልመድ ነው። በሕዝብ ፊት ቆሞ ለመናገር የሚያፍረው ጐልማሳ በማኅበርተኞቹ ፊት መናገርን ይለምዳል። የራሱን ገንዘብ ብቻ ይቈጥር የነበረው ሰው የማኅበሩን ሣጥን ሲጠብቅ የሰው ዐደራ ምን ያህል እንደሚከብድ ያውቃል። ማዘዝን ብቻ የወደደውም ተራው ደርሶ ወገቡን ታጥቆ ወንድሞቹን ሲያስተናግድ ትሕትናን ይማራል።

ይህ ትምህርት በሌላ አገርና በሌላ ሕዝብ መካከል እንዴት እንዳፈራ ለማየት፣ በአሜሪካ ከፍተኛ ትምህርት ቤቶች የተቋቋሙትን የተማሪዎች የወንድማማችነት ማኅበራት ታሪክ መመልከት ይጠቅማል። (በዚህ ጽሑፍ የሚገኙት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮጳ አቈጣጠር ናቸው።) ከነዚህ ማኅበራት በግሪክ ፊደላት በመሰየም የመጀመሪያው በቨርጂኒያ በዊልያምና ሜሪ ኮሌጅ ዲሴምበር 5 ቀን 1776 የተመሠረተው ፋይ ቤታ ካፓ ነው። በ1825 ደግሞ በኒው ዮርክ ግዛት በዩኒየን ኮሌጅ ካፓ አልፋ የሚባለው ተቋቋመ፤ ከዚያም ወዲህ እንዲህ ያሉት ማኅበራት በየኮሌጁ በዙ። የብዙዎቹ አባሎች በአንድ ቤት ያድራሉ፤ በአንድ ገበታ ይበላሉ፤ ተመርቀው ከወጡም በኋላ በሥራና በኑሮ ይረዳዳሉ። ከነዚህ ቤቶችም ብዙ ሹማምንት፣ ዳኞችና ታላላቅ ነጋዴዎች ወጡ። ነገር ግን በራቸው ለሁሉ የተከፈተ አልነበረም። አብዛኞቹ ነጭ ያልሆነውን ተማሪ አይቀበሉም ነበር፤ አያሌዎቹም ይህንን ክልከላ በመተዳደሪያ ደንባቸው ጽፈው እስከ ሃያኛው መቶ ዓመት እኩሌታ ድረስ አቈይተውታል።

በዚያ ዘመን የጥቁር አሜሪካውያን ኑሮ እጅግ የጠበበ ነበር። ከባርነት ነጻ ከወጡ ገና 40 ዓመት ያህል ብቻ ሆኗቸው ነበር። በ1896 የአገሩ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ጥቁርና ነጭን በባቡር ለይቶ ማስቀመጥ ሕግን አያፈርስም ብሎ ስለ ፈረደ፣ በደቡብ በኩል ያሉት ግዛቶች ልዩነቱን በትምህርት ቤት፣ በሆስፒታል፣ በምግብ ቤትና በመቃብር ሳይቀር አጸኑት። በሰሜን በኩል ሕጉ የላላ ቢሆንም የሰው ልብ ሁሉ የላላ አልነበረም።

በኒው ዮርክ ግዛት በኢትካ ከተማ የሚገኘው የኮርኔል ዩኒቨርሲቲ በ1865 ተመሥርቶ በ1868 ማስተማር የጀመረ ነው። ጥቁር ተማሪዎችን ይቀበል ነበር፤ ዳሩ ግን መቀበል ሌላ፣ ማቀፍ ሌላ ነው። ጥቁሮቹ ተማሪዎች ጥቂቶች ስለ ነበሩ በየክፍሉ ተበታትነው ብቻቸውን ይቀመጡ ነበር፤ የነጮቹ ተማሪዎች ማኅበራት በማታ ተሰብስበው አብረው ሲያጠኑና ሲጫወቱ እነርሱ ከውጭ ቀሩ። ከመካከላቸው አንዳንዶቹ ለትምህርታቸው ወጪ በነዚያው የማኅበር ቤቶች ገበታ እያቀረቡ ያገለግሉ ስለ ነበር፣ ወንድማማችነት ለተማሪ ምን ያህል ብርታት እንደሚሰጥ በዐይናቸው አዩ። በ1905 የትምህርት ዘመን ሲከፈት ከጥቂቶቹ ጥቁር ተማሪዎች 6ቱ ሳይመለሱ መቅረታቸው በቀሩት ላይ ታላቅ ሐሳብ አመጣ። ብቸኝነት ከፈተና ይልቅ ተማሪን እንደሚጥል ተረዱ።

ስለዚህ በዚያው የትምህርት ዘመን ቻርልስ ካርዶዛ ፖይንዴክስተር በሚባል ተማሪ መሪነት አንድ የጥናትና የንባብ ጉባኤ አቆሙ። ይህ ሰው በዕድሜም በትምህርትም ከሌሎቹ የቀደመ ስለ ነበር የወጣቶቹ ሰብሳቢ ሆነ። በየቤቱ እየተገናኙ መጻሕፍትን ይመረምሩ፣ ይከራከሩ፣ በትምህርት የደከመውንም ያግዙ ነበር። ጥቂት ጊዜ ካለፈ በኋላ ግን በመካከላቸው ክርክር ተነሣ። አንዳንዶቹ ጉባኤያቸው በቃል ኪዳን የታሰረ፣ ከትምህርት ቤት ወጥተውም የማይፈርስ የወንድማማችነት ማኅበር እንዲሆን ፈለጉ። ሰብሳቢያቸው ፖይንዴክስተርና እርሱን የመሰሉት ግን የንባብ ጉባኤ ሆኖ ቢቀር ይሻላል አሉ።

ይህ ክርክር ቀላል አይምሰል። ሁለቱም ወገኖች የሚሉት ነገር ነበራቸው። ጥቁሮች በማኅበራት በር ከውጭ ቆመው የመከልከልን ምሬት የሚያውቁ ሆነው ሳለ፣ ራሳቸው ሌላ በር ሠርተው የሚያስገቡትንና የሚያስቀሩትን ሊመርጡ ነውን? የማንበቢያ ጉባኤ ለመጣው ሁሉ ክፍት ነው፤ ማኅበር ግን ወሰን አለው። በሌላው ወገን ደግሞ የንባብ ጉባኤ ተማሪው ሲመረቅ የሚበተን፣ እንደ ማለዳ ጤዛ የሚያልፍ ነገር ነው፤ ቃል ኪዳን የሌለው ጉባኤም በችግር ቀን አይገኝም። ጥያቄው በዚያ ማታ ተፈትቶ ያለቀ ሳይሆን፣ የማኅበሩን ታሪክ እስከ ዛሬ የሚከተል ጥያቄ ሆነ፤ ጥቂቶች የተማሩ ሰዎች የሚተሳሰሩበት ገመድ ለራሳቸው መከለያ አጥር ይሆናልን፣ ወይስ ለሕዝባቸው መሻገሪያ ድልድይ?

ዲሴምበር 4 ቀን 1906 ማኅበር ይሁን የሚለው አሳብ ጸና፤ አልፋ ፋይ አልፋም ተመሠረተ፤ ፖይንዴክስተርም ተለየ። መሥራቾች ተብለው የሚቈጠሩት ሰባት ናቸው፤ ሄንሪ አርተር ካሊስ፣ ቻርልስ ሄንሪ ቻፕማን፣ ዩጂን ኪንክል ጆንስ፣ ጆርጅ ቢድል ኬሊ፣ ናትናኤል አሊሰን መሪ፣ ሮበርት ሃሮልድ ኦግልና ቨርትነር ውድሰን ታንዲ። ዓላማቸው በሦስት ነገር ይጠቀለላል፤ ለወንድ የሚገባ ምግባር፣ ትምህርትና ለሰው ልጅ ሁሉ ፍቅር። መሪ ቃላቸው ደግሞ ከሁሉ ፊተኛ መሆን ለሁሉ አገልጋይ ከመሆን ጋራ የተሳሰረ መሆኑን የሚናገር ነው። ጌታ ስለ ፊተኛነት ለተከራከሩት ደቀ መዛሙርት የሰጠውን፣ በማርቆስ ወንጌል በ9ኛው ምዕራፍ የተጻፈውን ትምህርት ለሚያስብ ሰው ይህ ቃል ሩቅ አይሆንበትም።

ማኅበሩ አባሉን ለመሪነት ያለማመደበት መንገድ ረቂቅ ጥበብ አልነበረም። በየትምህርት ቤቱ ያለው ቅርንጫፍ አለቃውን፣ ጸሐፊውንና ገንዘብ ያዡን ከራሱ መካከል ይመርጣል። የተመረጠው የሃያ ዓመት ወጣት ስብሰባ ሲመራ፣ የሚጮኸውን ያስታግሣል፤ ዝም ያለውንም ያናግራል። ጸሐፊው የተባለውን ሳይጨምርና ሳይቀንስ መጻፍ አለበት፤ ገንዘብ ያዡም ወንድሜ ነው ብሎ ሳያልፍ መዋጮውን መጠየቅና ሒሳቡን በጉባኤ ፊት ማንበብ ይገባዋል። ዘመኑ ሲያልቅ ደግሞ ሥልጣኑን ለሌላ አስረክቦ ከተራ አባሎች ጋራ ይቀመጣል። በዚያን ጊዜ ጥቁር ወጣት በከተማ ምክር ቤት፣ በመንግሥት መሥሪያ ቤት ወይም በታላቅ ኩባንያ የሚሾምበት ዕድል እጅግ ጥቂት ነበር፤ ስለዚህ ሕዝብን መምራት የሚማርበት ስፍራ ከቤተ ክርስቲያኑ ቀጥሎ ይህ ማኅበር ሆነ።

የመጀመሪያው ቅርንጫፍ አለቃ ኬሊ ነበረ። ዩጂን ጆንስ በ1907 መጨረሻ በዋሽንግተን በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛውን፣ በሪችሞንድ ከተማ በቨርጂኒያ ዩኒየን ዩኒቨርሲቲም ሦስተኛውን ቅርንጫፍ አቋቋመ። ቅርንጫፎቹም በግሪክ ፊደላት ተራ አልፋ፣ ቤታ፣ ጋማ እየተባሉ ተሰየሙ። በዲሴምበር 1908 የማኅበሩ ሰዎች የመጀመሪያውን ጠቅላላ ጉባኤ በሃዋርድ አደረጉ፤ ሞዘስ አልቪን ሞሪሰንም የመጀመሪያው ጠቅላላ አለቃ ሆኖ ተመረጠ። በ1911 በኬንታኪ ግዛት በሉዊቪል ከተማ ትምህርታቸውን የጨረሱ አባሎች የራሳቸውን ቅርንጫፍ አቆሙ። ይህ የመጨረሻው ነገር ከሁሉ የሚበልጥ ፍሬ ነበረው ማለት ይቻላል። በብዙ ስፍራ የተማሪ ማኅበር ከምርቃት ቀን በኋላ ትዝታ ብቻ ሆኖ ይቀራል፤ በዚህ ግን ቃል ኪዳኑ የዕድሜ ልክ ሆነ። ሐኪሙ፣ ጠበቃውና መምህሩ በሚኖሩበት ከተማ እየተሰበሰቡ በኮሌጅ ላሉት ታናናሾቻቸው አማካሪዎች ሆኑ፤ ታናሹም ነገ ምን ሊሆን እንደሚችል በታላቁ ኑሮ አየ። ከ1914 ጀምሮም ስፊንክስ የሚባለው መጽሔታቸው የተበታተኑትን አባሎች በአንድ ወሬ ያገናኛቸው ጀመር።

የሰባቱ መሥራቾች የኋላ ሕይወት ማኅበሩ ምን ዓይነት መሪነት እንደ ፈለገ ይመሰክራል። ዩጂን ጆንስ ከደቡብ እየፈለሱ ወደ ሰሜን ከተሞች የሚገቡትን ጥቁር ሠራተኞች ሥራና መጠለያ እንዲያገኙ በሚረዳው በብሔራዊ የከተማ ሊግ ከ1918 ጀምሮ ከሃያ ዓመት በላይ ዋና ጸሐፊ ሆኖ ደከመ። ኬሊ በኒው ዮርክ ግዛት የተመዘገበ የመጀመሪያው ጥቁር መሐንዲስ ሆነ። ቻፕማን በፍሎሪዳ፣ መሪ በዋሽንግተን የእርሻን ትምህርት አስተማሩ። ኦግል በአገሩ የሕግ መወሰኛ ምክር ቤት የገንዘብ ጉዳይ ኮሚቴ ዘንድ ሠራ። ካሊስ ሐኪም ሆኖ በሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ የሕክምና ትምህርት አስተማረ፤ ከሰባቱ በመጨረሻ የሞተውም እርሱ ነው፤ በ1974።

ስለ ታንዲ ግን ለብቻው መናገር ይገባል። ይህ ሰው በኒው ዮርክ ግዛት ፈቃድ ያገኘ የመጀመሪያው ጥቁር የሕንፃ ነዳፊ ነው። ሥራ በጀመረ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ጆርጅ ፎስተር ከሚባለው ባልደረባው ጋራ በሃርለም በ134ኛው መንገድ በ1910 እና በ1911 የተሠራውን የቅዱስ ፊልጶስ ቤተ ክርስቲያን ነደፈ። የዚያ ደብር ምእመናን ከአሥራ ዘጠነኛው መቶ ዓመት መባቻ ጀምሮ የራሳቸውን ጉባኤ ያቆሙ ጥቁሮች ነበሩ፤ ሕዝባቸው ወደ ሃርለም ሲዛወር ቤተ ክርስቲያናቸውም አብሮ ተዛወረ። ሕንፃውን የነደፉት ከራሳቸው ወገን የተነሡ መሐንዲሶች መሆናቸው ለዚያ ዘመን ታላቅ ነገር ነበር። ቤተ ክርስቲያን ልጆቿ እንዲማሩ ትደክማለች፤ የተማረው ልጅም ተመልሶ ቤቷን ይሠራላታል፤ የታንዲ ሥራ የዚህ ምሳሌ ሆኖ እስከ ዛሬ ቆሟል።

አሜሪካ በ1917 ወደ አንደኛው የዓለም ጦርነት በገባች ጊዜ ጥቁር ወጣቶች ለውትድርና ይጠሩ ነበር፤ መኰንን ሆነው የሚሠለጥኑበት ስፍራ ግን አልነበረም። በሃዋርድና በሌሎች ኮሌጆች ያሉ ተማሪዎችና መምህራን፣ ከነዚህም መካከል የወንድማማች ማኅበራቱ ሰዎች፣ ኮሚቴ አቋቁመው መንግሥትን ለመኑ፤ በአዮዋ ግዛት በፎርት ዲ ሞይን የሥልጠና ሰፈር ተከፈተ። በኦክቶበር 1917 ከዚያ 639 ጥቁር መኰንኖች ተሾሙ። ለብቻ በተለየ ሰፈር መሠልጠን ሌላ ውርደት ነው ብለው የተቃወሙም ነበሩ፤ ተቃውሞአቸውም ያለ ምክንያት አልነበረም። ከሠለጠኑት አንዱ ቻርልስ ሃሚልተን ሂውስተን ነበር፤ በሠራዊቱ ውስጥ በጥቁር ወታደሮች ላይ ሲፈጸም ያየው ግፍ ሕግ ለመማር እንዲቈርጥ አደረገው።

ከጦርነቱ በኋላ ማኅበሩ ፊቱን ወደ ሕዝቡ አዞረ። ከ1920ዎቹ መባቻ ጀምሮ ወጣቶች ሁለተኛ ደረጃ ትምህርት ቤት፣ ከዚያም ኮሌጅ እንዲገቡ የሚያሳስብ ዘመቻ በየከተማው አካሄደ፤ አባሎቹ በቤተ ክርስቲያንና በትምህርት ቤት እየቆሙ ወላጆችን መከሩ። በ1930ዎቹ ደግሞ ድምፅ መስጠት የማይችል ሕዝብ ተስፋ የሌለው ሕዝብ መሆኑን እያስረዱ ሰዎች በምርጫ መዝገብ እንዲጻፉ ተጋደሉ። ከ1931 እስከ 1940 ጠቅላላ አለቃ የነበረው ቻርልስ ሃሪስ ዌስሊ የታሪክ ሊቅም የቤተ ክርስቲያን አገልጋይም ነበር፤ የማኅበሩንም ታሪክ ጽፎ በ1929 አሳትሟል። ታሪኩን የማይጽፍ ማኅበር ስሕተቱን እንደ አዲስ ይደግማል፤ ዌስሊ ይህን የተረዳ ይመስላል።

ማኅበሩ ያፈራው መሪነት በግልጥ የታየው በፍርድ አደባባይ ነው። ሂውስተን በሃርቫርድ ሕግ ተምሮ ከ1929 ጀምሮ የሃዋርድን የሕግ ትምህርት ቤት አደራጀ፤ ደቀ መዝሙሩ ቱርጉድ ማርሻልም በ1933 ከዚያ ተመረቀ። ሁለቱም የአልፋ ፋይ አልፋ አባሎች ነበሩ። ዶናልድ ጌንዝ መሪ የሚባል ወጣት ጥቁር ስለ ሆነ ብቻ የሜሪላንድ ዩኒቨርሲቲ የሕግ ትምህርት ቤት በከለከለው ጊዜ፣ መምህሩና ተማሪው አብረው ቆመው በ1935 በባልቲሞር ፍርድ ቤት ረቱ፤ በ1936 መጀመሪያም የይግባኙ ፍርድ ቤት ፍርዱን አጸናላቸው። ዶናልድ መሪም ገብቶ በ1938 ተመረቀ። ከዚህ በኋላ ኤልመር ሄንደርሰን የሚባል መንገደኛ በ1942 በባቡር ምግብ ቤት ውስጥ እንዳይስተናገድ ተከልክሎ ስለ ነበር፣ የማኅበሩ ጠቅላላ አለቃ ቤልፎርድ ሎውሰን ጉዳዩን በጠቅላይ ፍርድ ቤት ተሟገተለት፤ ጁን 5 ቀን 1950 ፍርዱ ለሄንደርሰን ሆነ። ማርሻልም ሜይ 17 ቀን 1954 በትምህርት ቤቶች ያለውን ልዩነት ያፈረሰውን ታላቅ ፍርድ ካስፈረዱት ጠበቆች ዋናው ሆነ፤ በ1967 ደግሞ በዚያው ፍርድ ቤት የመጀመሪያው ጥቁር ዳኛ ሆኖ ተቀመጠ። ሂውስተን ግን ይህን ሳያይ በ1950 ዐርፎ ነበር። የዘራው ሌላ፣ ያጨደው ሌላ ሆነ፤ የመምህር ክብርም ይኸው ነው።

ማርቲን ሉተር ኪንግ በቦስተን የነገረ መለኮት ተማሪ ሳለ ጁን 22 ቀን 1952 የማኅበሩ አባል ሆነ። ከሦስት ዓመት በኋላ በሞንትጎመሪ ከተማ የአውቶቡስን ልዩነት ለመቃወም የተነሣውን ሕዝብ እንዲመራ ሲመረጥ ገና የ26 ዓመት ሰው ነበር። ማኅበሩ የ50 ዓመት ኢዮቤልዩውን በኦገስት 1956 በበፋሎ ከተማ ሲያከብር ያ ወጣት ካህን ለንግግር ተጠራ፤ በዚያን ጊዜ የሞንትጎመሪ ሕዝብ ገና በእግሩ ይሄድ ነበር። በንግግሩም አሮጌው ዘመን እያለፈ አዲስ ዘመን እየተወለደ መሆኑን አሳይቶ፣ የተማሩት ሰዎች ከግል ጥቅማቸው ወጥተው ስለ ሰው ልጅ ሁሉ እንዲያስቡ አሳሰበ። የተሰበሰቡት ሐኪሞች፣ ጠበቆችና መምህራን ነበሩ፤ በዓላቸውን ለመደሰት መጥተው ዕዳቸውን ሰሙ።

ይህ ታሪክ ከኢትዮጵያ ጋራ የሚገናኝበትም ስፍራ አለው። ሁለተኛው ቅርንጫፍ የተተከለበት ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ኢትዮጵያውያን ተማሪዎችን ተቀብሏል፤ ከነዚህ አንዱ በዚያ ሕክምና የተማረውና በ1937 በኒው ዮርክ የኢትዮጵያን የዓለም ፌዴሬሽን ያቋቋመው ዶክተር መላኩ በያን ነው። ኢትዮጵያ በጣልያን ተወርራ በነበረችበት በዚያ የጨለማ ዘመን ዶክተሩ የጥቁር አሜሪካውያንን ልብ ለኢትዮጵያ ያነሣሣ ሰው ነበረ። በሃርለም የሚገኘው የአቢሲኒያ ባፕቲስት ቤተ ክርስቲያን ደግሞ በ1808 የተመሠረተ ነው፤ በትውፊት እንደሚነገረው መሥራቾቹ ጥቁሮችንና ነጮችን ለይቶ የማስቀመጥን ሥርዓት እንቢ ብለው የወጡ ሰዎች ናቸው፤ ከነርሱም ጋራ ከኢትዮጵያ የመጡ ነጋዴዎች ነበሩ ይባላል። ከ1937 ጀምሮ የዚያ ቤተ ክርስቲያን አገልጋይ፣ ከ1945 ጀምሮም የአገሩ ምክር ቤት አባል የነበረው አዳም ክሌይተን ፖዌል የአልፋ ፋይ አልፋ ወንድም ነበር። ግርማዊ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ በ1954 አሜሪካን ሲጐበኙ ወደዚያ ቤተ ክርስቲያን ሄደው የኢትዮጵያን መስቀል በስጦታ ሰጥተዋል።

ዳሩ ግን ታሪክ ውዳሴ ብቻ ከሆነ ለሰሚው አይጠቅምም። በ1906 የተነሣው የፖይንዴክስተር ጥርጣሬ ከንቱ አልነበረም። ማኅበሩ በመተዳደሪያው ለጥቁሮች ብቻ ተወስኖ ቈይቶ፣ የዘር ወሰኑን ያነሣው በ1945 ነው። በሃዋርድ መምህር የነበረው የማኅበራዊ ኑሮ ሊቅ ፍራንክሊን ፍሬዚየር በ1957 በእንግሊዝኛ ባሳተመው መጽሐፉ፣ የተማሩት ጥቁሮች በወንድማማች ማኅበሮቻቸው ለግብዣና ለጌጥ ገንዘብ ማፍሰሳቸውን፣ ከድኻው ወገናቸውም መራቃቸውን በብርቱ ነቅፏል። ከዚህም የከፋ ነገር ነበር። አዲስ የሚገባውን ወጣት ለመፈተን በሚል ሰበብ ድብደባና ማዋረድ በብዙ የተማሪ ማኅበራት፣ በነጮቹም በጥቁሮቹም ዘንድ፣ ልማድ ሆነ፤ ሕይወታቸውን ያጡ ወጣቶችም አሉ። ታላቁ ታናሹን የሚያገለግልበት ቤት ታላቁ ታናሹን የሚቀጣበት ቤት ሆኖ ተገኘ። በ1990 የጥቁሮቹ ማኅበራት የቀድሞውን የመግቢያ ፈተና ሥርዓት በአንድነት አስቀሩ፤ ክፉው ልማድ ግን በስውር እየተፈጸመ ከዚያ በኋላም ጉዳት አድርሷል። መከራን መቀበል ለሰው ጽናት ይሰጣል፤ መከራን ለወንድም ማድረስ ግን ለማንም መሪነትን አያስተምርም።

ማኅበሩ ዕዳውን በምን እንደሚከፍል ያሳየበት አንድ ረጅም ሥራ ደግሞ አለ። በ1984 አባሎቹ ለኪንግ በዋሽንግተን ከተማ መታሰቢያ እንዲቆምለት አሳብ አነሡ። የአገሩ ምክር ቤት ፈቃድ የሰጠው በ1996፣ የመሠረቱ ሥነ ሥርዓት የተፈጸመው በ2006፣ መታሰቢያው የተመረቀውም ኦክቶበር 16 ቀን 2011 ነው። ከአሳቡ እስከ ምርቃቱ 27 ዓመት አለፈ። ወጪውም 120 ሚሊዮን ዶላር ያህል ነበር። ሥራውን የጀመሩት ሁሉ ሲፈጸም አላዩትም፤ አለቆች ተለዋወጡ፣ ወጣቶቹ ሸመገሉ፣ ሥራው ግን ከእጅ ወደ እጅ እየተላለፈ ከፍጻሜ ደረሰ። አንድ ሰው ብቻውን ቢጀምረው ኖሮ ከእርሱ ጋራ በተቀበረ ነበር። ማኅበር ያስፈለገው ስለዚህ ነው።

ሰባቱ ተማሪዎች ከተሰበሰቡ መቶ ዓመት አለፈ። ዛሬ ስማቸው የሚጠራው በሀብታቸው ወይም በሹመታቸው አይደለም፤ ብቸኝነት ወንድሞቻቸውን ከትምህርት ሲያስቀር አይተው ዝም ስላላሉ ነው። በዚያን ጊዜ መሪነትን እንማር ብለው አልተነሡም፤ የተነሡት እንደገና አንድ ሰው እንዳይጠፋባቸው ነው። መሪነቱም ወንድምን ከመጠበቅ ሥራ ተወለደ። ጥቂቶች ሲሆኑ የተማሩት ይህ ነገር፣ ብዙ ከሆኑ በኋላ አንዳንድ ጊዜ ተረሳ፤ በተረሳም ጊዜ ማኅበሩ ጌጥ ወይም ዱላ ሆነ፤ በታሰበ ጊዜ ግን ጠበቃ፣ ሐኪም፣ መምህርና የሕዝብ አገልጋይ አፈራ።

ኢዮቤልዩውን የሚያከብር ማንኛውም ደብር የቆሙለትን ግድግዳዎችና ያለፉትን ዓመታት ይቈጥራል፤ መቍጠሩም ተገቢ ነው። ነገር ግን ሌላም የሚቈጠር አለ። ባለፈው ዓመት ከመቅደሱ አገልግሎት፣ ከሰንበት ትምህርት ቤቱ፣ ከጽዋ ማኅበሩ ስንት ወጣት ሳይመለስ ቀረ? የሄደበትን ቤት አንኳኵቶ የጠየቀው ማን ነው? የሣጥኑን ቍልፍ፣ የስብሰባውን መዝገብ፣ የጉባኤውን ወንበር ለመረከብስ የተዘጋጀው ጐልማሳ ማን ነው? በኢትካ ከተማ የተቀመጡት ተማሪዎች የቀሩትን ስድስት ወንድሞቻቸውን በመቍጠር ጀመሩ። ለሚመጣው ኢዮቤልዩ የሚተርፉ መሪዎችን የሚሻ ጉባኤም መጀመሪያው ይኸው ነው።